ኖቤል ያለፈው ሰው በስሙ ሜዳሊያ ወጣለት፦ ስለ ጁን-ኢቺ ኒሺዛዋ እንጫወት

ትራንዚስተር_ሰፈር፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

በየዓመቱ መስከረም ሊያልቅ ሲል ኖቤል ማን ወሰደ እያልን እንጨቃጨቃለን። የመሐንዲሶችን ሜዳሊያ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እስቲ ዛሬ አንዱን ላንሳ።

አይ-ትሪፕል-ኢ የሚባለው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የጁን-ኢቺ ኒሺዛዋ ሜዳሊያ የሚባል ሽልማት አለው። በ2002 ተቋቋመ፣ በ2004 መሰጠት ጀመረ። በማቴሪያልና በዲቫይስ ሳይንስ ትልቅ ሥራ ለሠራ ሰው ነው የሚሰጠው። እስከ ሦስት ሰው ያለበት ቡድንም ሊወስደው ይችላል። ሲጀመር ስፖንሰሩ የጃፓን የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያዎች ፌዴሬሽን ነበር።

ሰውየውስ ማነው? በ1926 ሰንዳይ በምትባል የሰሜን ጃፓን ከተማ ተወለደ። የተማረው እዚያው ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ያስተማረው እዚያው። ከ1990 እስከ 1996 ፕሬዚዳንቱም ሆኖ ነበር። በ2018 በ92 ዓመቱ አረፈ። ስለዚህ ሜዳሊያው በስሙ ሲሰየም ቆሞ አይቷል።

አሁን ሥራውን እዩልኝ። በ1950፣ ጃፓን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ሳትወጣ፣ ፒን ዳዮድን፣ ዛሬ ብርሃን ለመቀበል የሚያገለግለውን፣ አሰበ። በዚያው ዓመት ስታቲክ ኢንዳክሽን ትራንዚስተርን። በ1952 አቫላንሽ ፎቶዳዮድን፣ ደካማ ብርሃንን አባዝቶ የሚያነበውን። በ1957 የሴሚኮንዳክተር ሌዘርን ሐሳብ ፓተንት አስገባ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሴሚኮንዳክተር ሌዘር የበራው በ1962 ነው። በ1964 ደግሞ ብርሃን የሚሄድበት የመስታወት ክር፣ ከመሐሉ ወደ ዳሩ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ እየቀነሰ የሚሄድ፣ ለጃፓን ፓተንት ቢሮ አቀረበ። ቢሮው አልቀበልም አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ሌዘሩም ፋይበሩም ዓለምን ለወጡ። ኖቤሎቹ ሌላ ቦታ ሄዱ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ይህ ሜዳሊያ ለኒሺዛዋ ካሣ ነው? ወይስ ኖቤል የማያየውን ሥራ የሚያይ ሌላ ዓይን ነው? የኔ ግምት ሁለተኛው ነው። ግን እናንተን ልስማ።


ቀዝቃዛ_ውሃ፦

ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! ፓተንት ማስገባትና ዕቃውን ሠርቶ ማብራት ለየቅል ናቸው። ኒሺዛዋ በ1957 የጻፈው ሌዘር ወረቀት ላይ ነው የቀረው። ሮበርት ሆል ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ በ1962 ሠርቶ አበራው። ሐሳብማ ስንቱ ያስባል።

ፋይበሩም ያው ነው። በ2009 ኖቤል የወሰደው ቻርልስ ካኦ የሠራው ሌላ ነገር ነው። በ1966 ከጆርጅ ሆካም ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ብርሃኑን የሚበላው መስታወቱ ራሱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ቆሻሻ ነው አለ። የዚያን ጊዜ መስታወት በኪሎሜትር 1000 ዴሲቤል ያህል ይበላ ነበር። ካኦ ወደ 20 እናውርደው፣ ያኔ ለስልክ ይበቃል አለ። ኮርኒንግ በ1970 17 አድርጎ አሳየ። ኒሺዛዋ ስለ ቆሻሻው አላወራም፤ ስለ ቅርጹ ነው ያወራው። «ኖቤሉን ተቀማ» የሚለው ወሬ ይቅርብን።


ትራንዚስተር_ሰፈር፦

«ተቀማ» ያልኩት የት ነው? «ያለፈው» ነው ያልኩት። ኖቤል ለአንድ ዘርፍ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም፣ ለሞተም አይሰጥም። በዚህ ሕግ ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ አንተም ታውቃለህ። ስለ ካኦ ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርም። ቅርጹን ግን እንደ ቀላል አትየው።


ፋይበር_ቀጣይ፦

ስለ ቅርጹ እኔ ልናገር፣ እንጀራዬ ነውና።

ብርሃን ወፍራም ክር ውስጥ ሲገባ ሁሉም በአንድ መንገድ አይሄድም። ከፊሉ በመሐል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከፊሉ እየተጠማዘዘ በዳር ይሄዳል። የዳሩ መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ላይ የተላከው ምልክት ተራርቆ ይደርስና አንዱ ቢት ሌላው ላይ ይወጣል። የኒሺዛዋ መላ ምን መሰላችሁ? ስታዲየም ውስጥ ሁሉም ከአንድ መስመር ተነስቶ ሲሮጥ በውጭኛው ረድፍ ያለው ሯጭ ብዙ ሜትር ይበልጥበታል። የእሱን መሬት ብቻ ፈጣን ብታደርግለት እኩል ይገባሉ። ዳር ላይ የመስታወቱ የማጠፍ አቅም ሲቀንስ ብርሃን እዚያ ይፈጥናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ለቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ነጥብ ልስጠው። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል የሚሄደው መስመር እንዲህ አይደለም። እሱ ነጠላ ሞድ ነው፣ መሐሉ በጣም ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። የኒሺዛዋ ዓይነቱን የምታገኙት አጭር ርቀት ላይ ነው። ሕንፃ ውስጥ፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ። ብርቱካናማ ወይም ውኃ ሰማያዊ ገመድ ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሰውየውን እጅ በየቀኑ የማገኘው ግን ገመዱ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ ብርሃኑን የሚልከውና የሚቀበለው ሞጁል ውስጥ ነው። ለ10 ኪሎሜትር የሚሠራው ሞጁል ተቀባዩ ፒን ዳዮድ ነው። ለ80 ኪሎሜትር የሚሠራው አቫላንሽ ነው። ሁለቱም ከላይ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነጩ የፋይበር ሣጥን ውስጥም ብዙውን ጊዜ አቫላንሹ አለ።

ነገር ነገርን ያነሳዋልና አንድ ምክር። የ80 ኪሎሜትሩን ሞጁል ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሜትር ማገናኛ ገመድ (ፓች ኮርድ) አታገናኙ። ላኪው ከ0 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው) በላይ ያወጣል፣ ተቀባዩ የሚችለው ጣሪያ ግን -7 አካባቢ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ሁለቱን ገጠማቸው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ስህተት መቁጠር ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። መሐል ላይ አቴንዌተር የምትባል ብርሃኑን የምትቀንስ ጣት የማታህል ነገር ብትገባ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ድርጅቱን አልጠራም፣ እዚያው ነው ያለሁት 😂


ሦስተኛ_ዓመት፦

ጋሼ ፋይበር፣ አቫላንሹ ለምንድነው እንዲህ ስስ የሆነው? ክፍል ውስጥ ቀመሩን ነው የሰጡን፣ ዕቃውን አላየነውም።


ፋይበር_ቀጣይ፦

ጋሼ አትበለኝ፣ ገና ነኝ 😀 ፒን ዳዮድ ላይ አንድ የብርሃን ቅንጣት ሲገባ አንድ ኤሌክትሮን ይወጣል፣ አለቀ። አቫላንሹ ላይ ከፍ ያለ ቮልት ትጭናለህ። የወጣው ኤሌክትሮን በኃይል ይሮጥና አተም ይመታል፣ ሌላ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ሁለቱ ደግሞ ይመታሉ፣ አራት ይሆናሉ። ደካማ ብርሃን ለማየት ግሩም ነው። ብርሃኑ ራሱ ኃይለኛ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ተባዝቶ ጅረቱ ዕቃውን ያቃጥለዋል።


ሩት_ከኦስቲን፦

ወንዶቹ ስለ ፓተንትና ስለ ገመድ ስትጨቃጨቁ የሜዳሊያው ዋና ነገር አመለጣችሁ። የሜዳሊያው መግለጫ የሚጀምረው «ማቴሪያል» ብሎ ነው፣ ዲቫይስ ከዚያ ነው የሚመጣው። እኔ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ዌፈር በሚባለው ስስ የክሪስታል ዝርግ ላይ ንብርብር የማሳደግ ሥራ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ይህ ቅደም ተከተል ደስ ይለኛል። ትራንዚስተር የሠራ ሰው ስሙ ይጠራል። ክሪስታሉን ያጸዳው ሰው ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ምስጋና ውስጥ ነው የሚገባው።

ኒሺዛዋን እኔ የማከብረው ጋሊየም አርሴናይድ በሚባለው ክሪስታል ሥራው ነው። ምን እንዳደረገ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጋሊየምና አርሴኒክ አንድ ለአንድ መቀመጥ አለባቸው። ችግሩ አርሴኒክ ሲሞቅ ይተናል። ክሪስታሉን የምታሳድገው ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ነው። አርሴኒኩ ሲያመልጥ ቦታው ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ብርሃን መስጠት የነበረበትን ኤሌክትሮን ይበላዋል። ብዙዎቹ የሚታገሉት ሙቀቱን በመቀያየር ነበር። እሱ ከዋናው ቅላጭ አጠገብ ሌላ አርሴኒክ ለብቻው አስቀመጠ፣ ለእሱ የራሱ ማሞቂያ ሰጠው። የዚያን ማሞቂያ ሙቀት ሲቀይር የአርሴኒክ ትነት ግፊት ይቀየራል። ግፊቱ ሲያንስ ባዶ ቦታ፣ ሲበዛ ደግሞ ቦታ ያጣ ትርፍ አርሴኒክ። መሐል ላይ አንድ ግፊት አለ፣ እዚያ ክሪስታሉ ይጠራል። ይህን ይዞ ደማቅ ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲ ላይ ደረሰ።

የተሸለሙትንም ብታዩ ያው ነው። የ2005ቱ ጄሪ ውዳል ነው። አይቢኤም እያለ በ1967 ከሩፕሬሽት ጋር ሆኖ አሉሚኒየም ጋሊየም አርሴናይድን በጋሊየም አርሴናይድ ላይ አሳደገ። ሁለቱ ክሪስታሎች የአተሞቻቸው ርቀት እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው፣ ስለዚህ አንዱ ሌላው ላይ ሳይሰነጠቅ ይቀመጣል። በኋላ የመጡት ቀልጣፋ ሌዘሮችና ኤልኢዲዎች እዚህ ላይ ነው የቆሙት። የ2022ቱ ኡሜሽ ሚሽራ፣ ሳንታ ባርባራ የሚያስተምር፣ በጋሊየም ናይትራይድ ነው የተሸለመው። አሁን በኪስ የምትይዙት ትንሽዬ ፈጣን ቻርጀር «ጋን» የሚል የተጻፈበት ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ይኸው ጋሊየም ናይትራይድ ነው።


ቀዝቃዛ_ውሃ፦

እህቴ ይህ ጥሩ ነው። ግን እንግዲያው ሜዳሊያው ካሣ አይደለም ማለት ነው፣ ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ ተመለሰ።


ትራንዚስተር_ሰፈር፦

አልተመለሰም፣ ገና ነው። እስቲ ይህን ደግሞ እዩ። አይ-ትሪፕል-ኢ ለኒሺዛዋ ሜዳሊያ ከመሰየሙ በፊት ራሱን ሸልሞታል። በ1983 የጃክ ሞርተን ሽልማት፣ በ2000 የኤዲሰን ሜዳሊያ። የኤዲሰኑን ዝርዝር ሳገላብጥ አንድ ነገር ታየኝ። በ1989 የወሰደው ኒክ ሆሎንያክ ነው፣ በ1962 የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የሠራው። በ2000 ኒሺዛዋ፣ ደማቁን ቀይና አረንጓዴ። በ2011 ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሰማያዊውን። ሦስቱም ቀለማት በአንድ ሜዳሊያ ዝርዝር ላይ አሉ። ኖቤል ግን በ2014 ለሰማያዊው ብቻ ሰጠ፦ ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ። ሆሎንያክ ያኔ በሕይወት ነበር፤ መከፋቱንም በአደባባይ ተናግሯል። ኒሺዛዋም በሕይወት ነበር።

እንግዲህ የመሐንዲሶቹ ማኅበር ሂሳቡን በሌላ መንገድ ነው የያዘው። ኖቤል «ማን መጨረሻውን በር ከፈተ» ይላል። እነዚህ «ግድግዳው ላይ ማን ማን ሠራ» ይላሉ። ካሣ የሚባለው የተበደለ ሲኖር ነው። እዚህ እኔ የማየው የተለየ መመዘኛ ነው።


ቀዝቃዛ_ውሃ፦

አሁን ገባኝ፣ ይህ ያስኬዳል። አንድ ግን ልጨምር፣ ስለ ያለፋቸው ሰዎች ከተነሳ ጎረቤታችን ነው። መሐመድ አታላ። ፖርት ሰይድ የተወለደ ግብፃዊ፣ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን በ1949 ያገኘ። ቤል ላብስ ውስጥ በ1959 ከኮሪያዊው ዳዎን ካንግ ጋር ሞስፌት የሚባለውን ትራንዚስተር ሠሩ። አሁን ይህን የምታነቡበት ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ሞስፌት አለ። ለመጀመሪያው ትራንዚስተር በ1956 ሦስት ሰዎች ኖቤል ወስደዋል። ለሞስፌት ኖቤል የለም። በ1975 ከፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የስቱዋርት ባላንታይን ሜዳሊያ አገኙ። እሱም ቢሆን የአታላ መላ የማቴሪያል ነበር፦ ሲሊከኑን በሙቀት በራሱ ኦክሳይድ አልብሶ ገጽታውን ማረጋጋት። ሩት እንዳለችው።


ሩት_ከኦስቲን፦

ተስማማን ማለት ነው፣ ጉድ ነው 😄 ያ ኦክሳይድ ባይኖር ሲሊከን ጀርማኒየም የሚባለውን ሌላ ሴሚኮንዳክተር አያሸንፍም ነበር። የጀርማኒየም ኦክሳይድ ውኃ ይፈታዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጀርማኒየም በጓሮ በር ተመልሶ መጣ እንጂ።


ሦስተኛ_ዓመት፦

የአገራችን ሰው በዚህ መስክ የለም? ሁሌ ጃፓን፣ ጃፓን፣ አሜሪካ።


ትራንዚስተር_ሰፈር፦

አለ እንጂ! ያውም ሩት ካነሳችው ጀርማኒየም ጋር የተያያዘ፣ ከኒሺዛዋም ጋር። ሶሎሞን አሰፋ ይባላል፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ፣ ኤምአይቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት የተማረ። አይቢኤም የምርምር ማዕከል እያለ በ2010 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ስለ ምን ነበር? ስለ አቫላንሽ ፎቶዲቴክተር። የ1952ቱ የኒሺዛዋ ዕቃ ከአምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ቺፕ ላይ ወጣ።

የተለመደው አቫላንሽ ሃያ ሠላሳ ቮልትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህን ሲሊከን ቺፕ ውስጥ ማስገባት አይታሰብም። ጀርማኒየም ደግሞ ኤሌክትሮን ሲያባዛ ምልክቱን ይረብሻል። እነ ሶሎሞን ማባዣውን ቦታ ወደ 30 ናኖሜትር አጠበቡት። ያኔ ረብሻው ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ፣ የሚፈልገው ቮልት 1.5 ብቻ ሆነ። አንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ማለት ነው። በሰከንድ 40 ጊጋቢት ይቀበላል። በ2011 ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው ከ35 ዓመት በታች ካሉ 35 ፈጣሪዎች አንዱ አድርጎ መረጠው። በኋላም የአይቢኤምን የአፍሪካ ምርምር መርቷል።


ሦስተኛ_ዓመት፦

ይህን ማንም አልነገረንም!! እኛ ግቢ ኦሲሎስኮፑ እንኳ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚኖረው፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ነው። ግቢውን አልጠራም። ክሊንሩም የሚባለውን፣ ቺፕ የሚሠራበትን አቧራ የሌለው ክፍል፣ በፎቶ ነው የማውቀው። ከየት ልጀምር ታዲያ?


ሩት_ከኦስቲን፦

የኔ ወንድም፣ ክሊንሩም ዛሬ ባይኖርህም ሲሙሌሽን አለህ። ናኖሃብ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ ነፃ ነው። ሞስፌት፣ ፒኤን ጁንክሽን፣ የክሪስታል ባንድ ሁሉ በብራውዘር ይሠራል። ኮምፒውተርህ ደካማ ቢሆን ግድ የለም፣ ሂሳቡን የሚሠራው እዚያ ያለው ማሽን ነው። መጀመሪያ ፒኤን ጁንክሽኑን ክፈት። በመሐሉ ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ንብርብር አስገባ፣ ፒን ይሆንልሃል። ንብርብሩን አወፍረው፣ አሳሳው። ኤሌክትሪክ መስኩ እንዴት እንደሚቀየር እየው። ኒሺዛዋ በ1950 በጭንቅላቱ ያየውን አንተ በስክሪን ታየዋለህ።

ከዚያ መምህርህ ጋ ግራፉን ይዘህ ሂድ። «ሥራ አጣሁ» ብሎ የሚመጣ ብዙ ነው፣ ግራፍ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው።


የብር_ሰው፦

ሜዳሊያ ሜዳሊያ ትላላችሁ፣ ገንዘቡስ? ፉጂዮ ማሱኦካን እዩ። እሱም ቶሆኩ የኒሺዛዋ ተማሪ ነበር። ቶሺባ እያለ ፍላሽ ሜሞሪን ፈጠረ። ስልካችሁ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የተቀመጠው። በ1997 ከአይ-ትሪፕል-ኢ የሊብማን ሽልማት አገኘ። ከዚያ ኩባንያውን በ2004 ከሰሰ፣ በ2006 በ87 ሚሊዮን የን ተስማሙ። ናካሙራም እንዲሁ። ለሰማያዊው ኤልኢዲ መጀመሪያ የተሰጠው 20,000 የን ነበር። ፍርድ ቤት በ2004 20 ቢሊዮን የን ይከፈለው አለ። ኋላ ይግባኝ ላይ በ2005 በ840 ሚሊዮን አካባቢ ተስማሙ። ሜዳሊያ አይበላም።


ትራንዚስተር_ሰፈር፦

እሱ ሌላ ክር ይፈልጋል፣ የሠራተኛ ፓተንት ጉዳይ ነው። ክፈተው፣ እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር፦ ኒሺዛዋ በዚህ በኩል ብልህ ነበር። በስልሳዎቹ መጀመሪያ ሰንዳይ ውስጥ የሴሚኮንዳክተር ምርምር ተቋም አቋቁሞ ፓተንቶቹን ከኢንዱስትሪ ጋር አገናኝቷል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሠሩት ለዚያም ነው።


ጋሽ_ማጉያ፦

ልጆች፣ ጥሩ ነገር አነሳችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የድሮ ማጉያ ነው የምጠግነው። ኒሺዛዋን የማውቀው በሌላ በር ነው።

ከላይ «ስታቲክ ኢንዳክሽን ትራንዚስተር» ብለህ ያለፍከው ልጄ፣ እሱ ማለፍ የለበትም ነበር። በሰባዎቹ ያማሃና ሶኒ ማጉያ ሠርተውበታል። ቪ-ፌት ነበር የሚሉት። ያማሃ ቢ-1 የወጣው በ1974 ነው። ባሕርይው እንደ ትራንዚስተር ሳይሆን እንደ ድሮው የመስታወት ትራዮድ ነው። ድምፁ የለሰለሰ ነው። የሙዚቃ ሰው እስከ ዛሬ ይፈልገዋል።

መጥፎ ጠባይም አለው። ተራ ትራንዚስተር ምልክት ካልሰጠኸው ዝግ ነው። ይህ ግን ክፍት ሆኖ ነው የሚወለደው። የሚዘጋው ተቃራኒ ቮልት በሩ (ጌቱ) ላይ ሲመጣ ብቻ ነው። የሶኒው ላይ ያቺን ቮልት የምታስተካክል ትንሽዬ ቢያስ ዳዮድ አለች። ዳዮዷ ስታረጅ ትቆረጣለች። ያኔ ቪ-ፌቶቹ ሙሉ በሙሉ ይከፈቱና ተያይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማጉያ እጃችሁ ከገባ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። ዳዮዷን አውጥታችሁ በአዲስ ተኩ። የምትሠራ ብትመስልም ተኩ። ከዚያ ከዋናው መብራት ጋር በተከታታይ ባለ ክር አምፖል አስገብታችሁ አብሩት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ቶሎ አጥፉ።

አሁን ጥያቄ አለኝ። አንድ የሶኒ ማጉያ ይዤ ነው ያለሁት፣ አንድ ጎኑ ተቃጥሏል። 2ኤስኬ60 የሚባለው ቪ-ፌትና አጣማጁ 2ኤስጄ18 ያስፈልገኛል። ጃፓን ያለ ልጅ የለም?


ፋይበር_ቀጣይ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ናቸው ጋሼ የሚባሉት፣ እኔን ተዉኝ 😀 መርካቶ አልጠየቁም?


ጋሽ_ማጉያ፦

ጠየቅኩ እንጂ። አንዱ ልጅ «አለ፣ ኦርጅናል ነው» ብሎ አወጣ። ጽሑፉ አዲስ፣ እግሩ የሚያብረቀርቅ። በመልቲሜትር ድሬንና ሶርስ በሚባሉት ሁለት እግሮቹ መካከል ለካሁ። ቪ-ፌት ያለ ምንም ቮልት ከድሬን ወደ ሶርስ ማስተላለፍ አለበት። የልጁ ዕቃ ዝግ ነበር። ላዩ የተፋቀ ተራ ሞስፌት ነው። «ልጄ፣ ይህ ያንተ ዕቃ አታላ ነው እንጂ ኒሺዛዋ አይደለም» አልኩት። አልገባውም።


ቀዝቃዛ_ውሃ፦

😂😂 ጋሼ ይኑሩልን።


ሩት_ከኦስቲን፦

ጋሽ ማጉያ፣ ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ ላይ የድሮ ክፍል የሚሸጡ ትናንሽ ሱቆች አሉ፣ እዚያ የሚኖር ሰው እጠይቅልዎታለሁ። ግን ጥንዱን አጣጥመው ካልገዙ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይሠሩም። በክፍሉ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የታተመውን የደረጃ ቁጥር ያንብቡልኝ። ያልተቃጠለው ጎን ላይ ያለውን። እሱን ይዤ ነው የምጠይቀው።


ጋሽ_ማጉያ፦

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። መነጽሬን ላምጣና አንብቤ እጽፍልሻለሁ።